መሬቱን ላላረሰ ገበሬ መንግሥት ኪራይ ይከፍላል የሚባለው እውነት ነው?

የመንገድ_ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሱ ፎልስ፣ ሳውዝ ዳኮታ ነው። ከባድ መኪና እነዳለሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ በአይ-29 ወደ ፋርጎ ነው የምመላለሰው። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ግራና ቀኙ በቆሎና አኩሪ አተር ነው፤ እስከ አስፋልቱ ጠርዝ ድረስ ይዘሩታል። መሀል ላይ ግን ድንገት ሣር የዋጠው ሰፊ ማሳ ይመጣል። አልታረሰም፣ ከብት የለበትም፣ ቤት አልተሠራበትም። ሁለት ዓመት ሙሉ ባለቤቱ ሞቶ ወራሾቹ ተጣልተው ይሆናል እያልኩ ነበር የማልፈው።

ባለፈው ሳምንት የእህል ጎተራው ጋ ተራ ስጠብቅ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ጋር ወሬ ጀመርን። ስለዛ ማሳ ብጠይቀው «እሱማ ሲአርፒ ነው፣ እንዳያርሱት መንግሥት ይከፍላቸዋል» አለኝ። የቀለደብኝ መሰለኝ። አባቴ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ለአንድ ትልም ድንበር ከገዛ ወንድሙ ጋር ስድስት ዓመት ፍርድ ቤት የተመላለሰ ሰው ነው። ይሄን በስልክ ብነግረው «ልጄ፣ መጠጥ ጀመርክ እንዴ?» ነው የሚለኝ። የሚያውቅ ካለ ያስረዳኝ።

አቦል_ቡና

ላለመሥራት የሚከፍል አለ ካላችሁ እኔ አለሁ። 14 ዓመት ልምድ አለኝ 😂

የገበሬ_ምራት

ወንድሜ፣ ሽማግሌው አልቀለደብህም። ባለቤቴ የዚሁ አገር ሰው ነው፤ አማቴ እንደምታየው ዓይነት መሬት 62 ኤከር አላቸው። በእኛ ልክ 25 ሄክታር መሆኑ ነው፣ መቶ ጥማድ በለው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ይታወቅ፤ ሲአርፒ (ኮንሰርቬሽን ሪዘርቭ ፕሮግራም) ስጦታ አይደለም፣ ኪራይ ነው። መንግሥት መሬቱን ከ10 እስከ 15 ዓመት ይከራየዋል፣ ባለቤቱ በዛ ጊዜ ውስጥ ሰብል አይዘራበትም። ሕጉ የወጣው በ1985 በሬገን ጊዜ ነው። ውሉን የምትዋዋለው ካውንቲህን ከሚያገለግለው የኤፍኤስኤ ቢሮ ጋር ነው፣ የግብርና ሚኒስቴሩ የታችኛው እጅ በለው፣ እኛ አገር የወረዳ ግብርና እንደምንለው። ውሎቹ ሴፕቴምበር 30 ያልቃሉ፣ ገንዘቡም ኦክቶበር ከገባ በኋላ ባንክ ይገባል። አማቴ ያን ሰሞን ፊታቸው ይፈካል።

ዋጋውን ደግሞ ማንም ከኪሱ አያወጣውም። በካውንቲው ውስጥ መስኖ የሌለው መሬት በስንት እየተከራየ እንደሆነ ይታያል፣ የአፈሩ ዓይነት ይመዘናል። ከ2018ቱ የእርሻ ሕግ ወዲህ በጠቅላላው ምዝገባ፣ ማለትም በውድድር፣ ለገባ መሬት ጣሪያው የካውንቲው አማካይ ኪራይ 85 በመቶ ነው። ስለዚህ ጥሩ መሬት ያለው ሰው ለጎረቤቱ ቢያከራይ ይሻለዋል። የሚገባው ተዳፋቱ፣ ውሃ የሚተኛበቱ፣ አፈሩ የሚሸሸው መሬት ነው። ያውም ያመለከተ ሁሉ አይገባም፣ በነጥብ ይወዳደራል። ለዱር እንስሳት ምን ይጠቅማል፣ ለውሃ ጥራት፣ ለአፈር፣ ለአየር እየተባለ ይቆጠራል። ዋጋህን ከጣሪያው ዝቅ አድርገህ ካቀረብክም ነጥብ ታገኛለህ።

«ላለማረስ ይከፈላቸዋል» የሚለው ወሬ ደግሞ እኔን ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ቅዳሜዎቼን የበላው እሱ ነው። መሬቱን ዝም ብለህ አትተወውም። የአገሬውን ሣርና አበባ መርጠህ ትዘራለህ፣ ወጪውን መንግሥት እስከ ግማሽ ይጋራሃል። አረም መቆጣጠር ግዴታህ ነው። እዚህ ደንደሮ አለ፣ የእኛኑ ደንደሮ የሚመስል፣ እሱን ስንከረክም ነው የምንውለው። በማሽን እንዳታጭደው ደግሞ ከሜይ እስከ ጁላይ ወፎች እንቁላል ላይ ስለሆኑ ክልክል ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት ሣሩ እንዲታደስ እሳት ለቀቅንበት። ውሉ ራሱ መሀል ላይ እንዲህ ዓይነት እንክብካቤ ያዛል። ፈቃድ ወጣ፣ ነፋሱ እስኪስተካከል አራት ቀን ጠበቅን። በዙሪያው መከላከያ ተቆረጠ፣ በፒካፕ ላይ የውሃ ታንክ ተጫነ። አማቴ መኪና ውስጥ ቁጭ ብለው መስኮቱን ዝቅ አድርገው በጣታቸው እየጠቆሙ ያዝዙናል። እሳቱ ሲነሳ ድምፁ ነው ያስደነገጠኝ፣ ከባድ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ነው የሚመስለው። ማታ ልብሴ ደመራ ደመራ ይሸት ነበር፤ ሳላጥበው አንድ ሳምንት አስቀመጥኩት። በወሩ የተቃጠለው መሬት እንደ ሰርዶ አረንጓዴ ለበሰ።

ከውሉ መውጣት ቢያምርህ እስካሁን የተቀበልከውን ኪራይ በሙሉ ከነወለዱ ትመልሳለህ፣ በዛ ላይ የአንድ ዓመት ኪራይ 25 በመቶ ቅጣት አለ። ነፃ ገንዘብ የሚል ሰው ይሄን ያንብብ።

ፊት_ለፊት

እህቴ በደንብ አስረድተሻል፣ አመሰግናለሁ። ግን ያልነካሽው ነገር አለ፤ ገንዘቡ ለማን ነው የሚሄደው?

እኔ ሚኒሶታ ነኝ። ኢንቫይሮንመንታል ዎርኪንግ ግሩፕ የሚባል ድርጅት የእርሻ ድጎማ ተቀባዮችን በየካውንቲው፣ ከነስማቸውና ከነገንዘቡ መጠን በድረ ገጹ አውጥቷል። መንግሥት መረጃውን የመስጠት ግዴታ ስላለበት ነው ያገኙት። አንድ ቀን እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ የአንድ ገጠር ካውንቲ ዝርዝር ስመለከት አነጋሁ። ገበሬ ብለህ የምታስበው ሰው ብቻ አይደለም ያለው። የቤተሰብ አደራ ድርጅት አለ፣ ኩባንያ አለ፣ አያቱ የተወለት መሬት የት እንዳለ ዞሮ ያላየ የከተማ ነዋሪ አለ።

ክፍያው መሬት ላለው ነው። መሬት የሌለው፣ ተከራይቶ አርሶ መነሳት የሚፈልግ የ25 ዓመት ልጅ ምን ያገኛል? ለዛ መሬት ከመንግሥት ጋር ነው የሚጫረተው። መሬቱ ሣር ሲሆን ደግሞ ከተማዋም አብራ ሣር ትሆናለች። ዘር የሚሸጠው፣ ማዳበሪያ የሚያመላልሰው፣ ትራክተር የሚጠግነው ሥራ ያጣል። ሕግ አውጪዎቹም ያውቁታል፤ ከአንድ ካውንቲ የእርሻ መሬት ከ25 በመቶ በላይ እንዳይገባ የከለከሉት ለዚህ ነው።

የገበሬ_ምራት

@ፊት_ለፊት ያልከው ላይ እውነት አለ፣ አልክድም። ግን ለአንድ ሰው በዓመት ከ50,000 ዶላር በላይ ኪራይ አይከፈልም፣ አማካይ ገቢው በዓመት ከ900,000 ዶላር ያለፈ ሰውም በአብዛኛው ብቁ አይደለም። «900 ሺህ ደግሞ ገደብ ነው ወይ» ካልከኝ መልስ የለኝም።

ዝርዝሩ ላይ ግን ቅር ይለኛል። አማቴ ስማቸው እዛ አለ። ቤተ ክርስቲያን የሚያገኟቸው ሴትዮ «ዘንድሮ ይህን ያህል ደረሰሽ አይደል?» ብለው ከነሳንቲሙ ነገሯቸው። ለአንድ ወር ቤተ ክርስቲያን አልሄዱም።

ፊት_ለፊት

ያ ያሳዝናል። ግን የሕዝብ ገንዘብ ነው፣ ስም ካልወጣ ማን ይቆጣጠረዋል? የእኛ አገር የቀበሌ ሴፍቲኔት ስም ዝርዝር እኮ በጉባኤ ይነበብ ነበር፣ ያውም ለድሃ።

ጋሼ_ታሪኩ_ብዙ

ልጆች፣ ነገሩ ከየት እንደመጣ ላስታውሳችሁ። የጡረታ ሰው ነኝ፣ ጊዜ አለኝ።

የአሜሪካ ሜዳ በ1930ዎቹ ያየውን አቧራ ማስታወስ ነው። ሣሩን ገልብጠው ስንዴ ዘሩበት፣ ድርቅ መጣ፣ አፈሩ ተነስቶ ሄደ። ኤፕሪል 14፣ 1935 «ጥቁሩ እሑድ» ይሉታል፣ ቀኑ ጨለማ ሆነ። ከሜዳው የተነሳው አቧራ በነዛ ዓመታት ዋሽንግተን ድረስ ደርሷል። በዛው ወር መጨረሻ የአፈር ጥበቃ መሥሪያ ቤት በሕግ ተቋቋመ፣ ኃላፊውም ሂዩ ሃሞንድ ቤኔት ሆነ። ዛሬ ኤንአርሲኤስ የሚባለው እሱ ነው፤ የእህታችንን አማት ምን ሣር እንደሚዘሩ የሚያማክራቸውም የዚሁ ቤት ባለሙያ ነው።

ግን መንግሥት ለአፈር አዝኖ ብቻ የሚከፍል እንዳይመስላችሁ። በ1956 በአይዘንሃወር ጊዜ «የአፈር ባንክ» የሚባል ተመሳሳይ ነገር ነበር፣ ያኔ ያስጨነቃቸው እህል በዝቶ ዋጋ መውደቁ ነው። በ1985ም እንደዛው ነው፤ ገበሬው በዕዳ ተይዟል፣ ጎተራው ሞልቷል። መሬት ሲያርፍ እህል ይቀንሳል፣ ዋጋ ይነሳል። አፈሩ አብሮ ተጠቀመ። አንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ መሆኑ ነው፣ የትኛውን ወፍ አስበው እንደወረወሩ ግን ይለያያል።

ይሄን የምለው በኋላ ለሆነው ነው። በ2007 በፕሮግራሙ ያረፈው መሬት 36.8 ሚሊዮን ኤከር ደርሶ ነበር። ወደ 15 ሚሊዮን ሄክታር ነው፣ ከአማራ ክልል ጠቅላላ ስፋት ጋር የሚቀራረብ። ከዛ በቆሎ ለመኪና ነዳጅ ተፈለገና ዋጋው ተተኮሰ፤ በ2012 ድርቅ አንዱ በሼል (የእህል መስፈሪያ ነው፣ 25 ኪሎ ገደማ) ከ8 ዶላር አለፈ። ውሉ ያለቀበት ሁሉ ትራክተሩን አስነሳ። የሃያ ዓመት ሣር በአንድ ሳምንት ተገለበጠ፣ ምክር ቤቱም በ2014ቱ ሕግ ጣሪያውን ወደ 24 ሚሊዮን ኤከር ዝቅ አደረገው። በ2018 መልሰው ወደ 27 ሚሊዮን ከፍ አደረጉት።

የመንገድ_ልጅ

ጋሼ እድሜ ይስጥልኝ። እኔ እኮ የጠፋ ወራሽ ነበር የምፈልገው!

የቀድሞ_ዲኤ

ሰላም። ደቡብ ወሎ የልማት ሠራተኛ ሆኜ 9 ዓመት ሠርቻለሁ፣ አሁን ሌላ ሥራ ላይ ነኝ። ክሩን ሳነብ የመጣልኝን ልጻፍ።

እኛም እኮ እንከፍል ነበር። ግን ለመሬቱ አልነበረም፣ ለላቡ ነው። ሴፍቲኔት በእኛ አቆጣጠር በ1997 ሲጀመር ጉልበት ያለው ቤተሰብ በአንድ ሰው ስም በወር አምስት ቀን ሕዝባዊ ሥራ ይሠራል፤ ለአንድ ቀን 3 ኪሎ እህል ወይም የዛን ግምት ብር። በወር 15 ኪሎ ለአንድ ሰው፣ በዓመት ስድስት ወር። ሥራው በአብዛኛው እርከን፣ ጋቢዮን (በሽቦ የታሰረ ድንጋይ)፣ የችግኝ ጉድጓድ፣ የተከለለ ተራራ ነው። የገጠር መንገድም ነበር። አረጋዊና ጉልበት የሌለው ሳይሠራ ይቀበላል።

ሥራው በቅርብ ሲታይ እንዲህ ነው። ሁለት እንጨት፣ አሥር ሜትር ገመድ፣ መሀሉ ላይ የግንበኛ ውሃ ልክ ተንጠልጥሏል። አንዱ ገበሬ አንዱን እንጨት ይዞ ይቆማል፣ ሌላው ላይና ታች ይላል፣ እኔ አረፋዋ መሀል ላይ መቆሟን አያለሁ። «ትንሽ ወደ ላይ፣ አባ፣ ትንሽ... በቃ!» ስል ልጅ ድንጋይ ያስቀምጣል። እንዲህ እየተባለ ነው ተራራው የሚሰመረው። አረፋዋ ካጋደለች ክረምት ላይ ውሃው እርከኑን ሰብሮ የታችኛውን ሰው ማሳ ይዞት ይወርዳል። አንድ ዓመት ቸኩዬ የሰመርኩት ተሰብሮ የአንዲት ባልቴት ጤፍ በልቷል። ነሐሴ ላይ ቤታቸው ሄጄ በር ላይ ቆምኩ። ምንም አላሉኝም፣ ጠላ ቀዱልኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

አሜሪካኖቹ እንደሚያደርጉት ለእረፍት መክፈል ለምን አይሞከርም ለሚል፤ አንደኛ፣ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40። ገበሬው የመጠቀም መብት ነው ያለው፣ ደብተሩም የይዞታ ደብተር ነው። መንግሥት የራሱን መሬት ከገበሬው ይከራይ? ሁለተኛ፣ አማትሽ 62 ኤከር አሳርፈው ሱቅ ሄደው ዳቦ ይገዛሉ። ሦስት ጥማድ ያለው ሰው አንዷን ካሳረፈ ልጁ ጦሙን ያድራል።

ከሴፍቲኔት ውጭ ደግሞ ከጥር ጀምሮ የተፋሰስ ልማት ዘመቻ አለ። እዛ ላይ ክፍያ የለም፣ ነፃ ጉልበት ነው። ነፃ የሚለውን ቃል ማን እንዳወጣለት አላውቅም፣ ያልወጣ ሰው ይቀጣ ነበር።

ፊት_ለፊት

@የቀድሞ_ዲኤ እንደገና እህል እንዲሰፈርላቸው እርከኑን ራሳቸው ያፈርሱ ነበር ይባላል። እውነት ነው?

የቀድሞ_ዲኤ

ሰምቻለሁ፣ በዓይኔ አላየሁም። ያየሁት ሌላ ነው። ገበሬው እርከኑን ቀስ እያለ በማረሻ ይገፋዋል፣ በዓመት አንድ ትልም። ብትጠይቀው ምክንያት አለው። እርከን ቦታ ይበላል። በሬ ሲዞር ያደናቅፋል። ድንጋዩ ውስጥ አይጥ ይራባና ዘሩን ይጨርሳል። እኛ ቢሮ ውስጥ «የግንዛቤ እጥረት» ብለን ሪፖርት እንጽፋለን፣ ሰውየው ግን ከእኛ በላይ ያውቀዋል። የዳኮታው ገበሬ ቢሮ ሄዶ «በዚህ ዋጋ አይስማማኝም» ብሎ ይመለሳል። የእኛ ሰው እምቢታውን የሚናገረው በማረሻው ነው።

ጋሼ ስለ 2012 የጻፉትን ሳነብ የእኛ 1983 ዓ.ም. ትዝ አለኝ። ልጅ ነበርኩ። በደርግ ጊዜ ለሥራ በእህል ብዙ ተራራ ተከልሎ፣ ደን ተተክሎ ነበር። መንግሥቱ ሲወድቅ ጠባቂው ጠመንጃውን ይዞ ጠፋ፤ ሰዉ መጥረቢያውን ይዞ ወጣ። እኛ ቤትም የባሕር ዛፍ ወጋግራ ገብቷል፣ አልዋሽም። «የመንግሥት ዛፍ» ነበር የሚባለው፣ የእኛ ነው ያለ አልነበረም።

ሶዶ_ልጅ

ከወላይታ ነኝ። ሁምቦ ወረዳን ሳታነሱ እንዳታልፉ። 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ተከልሎ፣ ጉቶው ራሱ እንዲያቆጠቁጥ እየተገረዘ ደን ሆኗል። ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ናቸው የያዙት፤ ዛፉ ከአየር ከሚስበው ካርቦን ሽያጭ በዓለም ባንክ በኩል ገንዘብ አግኝተዋል፣ ሥራውን ያገዘው ወርልድ ቪዥን ነው። ልዩነቱ የመጠቀም መብቱ በማኅበራቱ ስም መሆኑ ነው። ሣሩን የሚያጭደው ማን እንደሆነ የታወቀ ነው።

የቀድሞ_ዲኤ

ትክክል። እኛም ጋ የቆየው ሣሩን አጭደው የሚወስዱበት፣ ወጣቶች ቀፎ የሰቀሉበት ክልል ብቻ ነው። እዛ ፍየል የለቀቀ ሰው ጉድ ይፈላበታል፣ ፖሊስ አያስፈልግም።

አቦል_ቡና

በቀልድ ገብቼ ትምህርት ቤት ሆነብኝ። @የገበሬ_ምራት አንድ ጥያቄ፣ የአማትሽ ውል ሲያልቅስ?

የገበሬ_ምራት

የነካኸው ቁስል ነው። የሚመጣው ሴፕቴምበር ያልቃል። ጎረቤት ያለ ትልቅ ገበሬ ከመንግሥት የበለጠ ኪራይ አቅርቧል። የባለቤቴ ወንድም «ይታረስ» ባይ ነው። አማቴ አይሆንም ብለዋል፤ ምክንያታቸው አፈርም ነፋስም አይደለም፣ ፌዝንት ነው። እንደ ቆቅ ያለች፣ ወንዱ አንገቱ ላይ ነጭ ቀለበት ያለበት ወፍ ናት። ዘሯ ከቻይና የመጣ ቢሆንም የሳውዝ ዳኮታ ወፍ ተብላ ታውጃለች። ባለቤታቸው በሕይወት እያሉ በየኦክቶበሩ እዛ ሣር ውስጥ ያድኗት ነበር። አሁንም ከሌላ ስቴት አዳኞች እየመጡ የከተማዋን ሞቴል ይሞላሉ፣ @ፊት_ለፊት ይሄንንም ሂሳብህ ውስጥ አስገባው።

ባለፈው እሑድ ምሳ ላይ ወንድምየው ወረቀት አውጥቶ ልዩነቱን በኤከር አስልቶ አሳያቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት፣ አጥፈው ከሰሃኑ ሥር አደረጉትና ድንች እንዳቀብላቸው ጠየቁኝ። እንደገና ለመመዝገብ ማመልከት ይቻላል፣ ግን ነጥቡ ይበቃ አይበቃ ያኔ ነው የሚታወቀው።

ፊት_ለፊት

ሞቴሉን ተቀብያለሁ። የ25 ዓመቱን ልጅ ግን አልለቅም።

የመንገድ_ልጅ

ዛሬ አባቴን ደወልኩለት፣ ያነበብኩትን ሁሉ ነገርኩት። ኪራዩንም፣ ደንደሮውንም፣ ወፏንም። ብዙ ዝም አለ፣ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ ስል «አለሁ» አለኝ። ከዛ «ያ ሁሉ ሣር ሲደርቅ ማን ያጭደዋል?» አለ። ሌላ ነገር አልጠየቀም። እኔም መልሱን አላውቀውም።

በግ_ተራ

እኔም አባትህ የጠየቁትን ልጠይቅ ነበር። ከሱ ፎልስ ወጣ ብሎ ለበዓል የማሳድጋቸው 11 በጎች አሉኝ። ድርቆሽ ዘንድሮ እሳት ሆኗል። እህቴ የገበሬ ምራት፣ ከዛ ሣር መግዛት ይቻላል?

የገበሬ_ምራት

@በግ_ተራ ዝም ብሎ አይታጨድም። ድርቅ ታውጆ ለችግር ከተፈቀደ ይቻላል። ካልሆነ ደግሞ ወፎቹ ከፈለፈሉ በኋላ፣ በሦስት ዓመት አንዴ፣ ቢሮው አስቀድሞ ከፈቀደ፤ ያን ዓመት ከኪራያቸው 25 በመቶ ይቀነስባቸዋል። ስለዚህ የድርቆሹ ዋጋ ቢያንስ እሱን መሸፈን አለበት። እኛ ካጨድን አራት ዓመት ሆኖናል። ሰኞ ቢሮ እደውላለሁ፣ አማቴንም እጠይቃለሁ። ስንት ክብ ድርቆሽ እንደምትፈልግና መጫኛ እንዳለህ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።

የመንገድ_ልጅ

መጫኛው ከእኔ። ቅዳሜ ነፃ ነኝ።